የታመመ የትዳር አጋርን መንከባከብና የመንግሥት አበል፦ ክርክር

በእንግሊዝ አገር ከባድ ሕመም ወይም የአካል ጉዳት ያለበትን ሰው በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት የሚንከባከብ ሰው ኬረርስ አላዋንስ የሚባል አበል መጠየቅ ይችላል። ክፍያው ከኤፕሪል 2025 እስከ ኤፕሪል 2026 በሳምንት 83.30 ፓውንድ ነበር። የታመመው ባል ወይም ሚስት ሲሆንስ መጠየቅ ይገባል? ሁለት ኢትዮጵያውያን ተከራክረዋል። የለንደኗ ጸሐፊ ባሏን፣ የሊድሱ ጸሐፊ ሚስቱን ያስታምማሉ።

ከለንደን

ይገባል። ያለ ሐፍረት ይጠየቅ።

ባለቤቴን ስትሮክ ከመታው ወዲህ ግራ ጎኑ አይታዘዝለትም። አጥበዋለሁ፣ አለብሰዋለሁ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ እሰጠዋለሁ። ሌሊት ሲነሳ አብሬው እነሳለሁ። ከዚያ በፊት አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሙሉ ጊዜ እሠራ ነበር። የማላውቃቸውን ሽማግሌዎች ሳጥብ ደመወዝ ነበረኝ፤ ማንም ምንም አላለኝም። የራሴን ባል ሳጥብ ግን ማኅበር ላይ «በባሏ ሕመም ገንዘብ ትበላለች» ተባልኩ። ይህ ወሬ ስንት ሴት አፏን እንዳዘጋ አውቃለሁ።

ሥራዬን ስቀንስ ገቢያችን ጎደለ። ኪራዩ ግን አልጎደለም። ደግሞ አንድ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። አበሉን ለሚቀበል ሰው በየሳምንቱ የናሽናል ኢንሹራንስ ክሬዲት ይያዝለታል። የጡረታው ዓመት አይቋረጥበትም ማለት ነው። ባሏን ስታስታምም አሥር ዓመት ከሥራ የራቀች ሴት አርጅታ ባዶ እጇን መቅረት የለባትም።

ከሊድስ

እህቴ፣ ባለቤትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎት። እኔ ግን አልስማማም።

እኔና ባለቤቴ በቁርባን ነው የተጋባነው። ኤምኤስ የሚባለው የነርቭ ሕመም ሲይዛት እኔ ያው ባሏ ነኝ። የገባሁትን ቃል ኪዳን ሰዓት ቆጥሬ ለመንግሥት አልሸጥም። ሌሊት እሠራለሁ፣ ቀን ከእሷ ጋር ነኝ። እንኖራለን።

ሌላው ገመና ነው። አበሉ እንዲገኝ መጀመሪያ የታመመው ሰው ፒፕ የሚባለውን፣ ለረጅም ጊዜ ለታመመ ወይም የአካል ጉዳት ላለበት ሰው የሚሰጠውን ክፍያ ወይም መሰሉን ማግኘት አለበት። የፒፕን ቅጽ አይቼዋለሁ። ብቻዋን ትታጠባለች? ሽንት ቤት ስትሄድ ሰው ያግዛታል? ምግቧን መቁረጥ ትችላለች? ባለቤቴ ኩሩ ሴት ናት። ይህን በወረቀት አስፍሬ ለማላውቀው ሰው አልልክም።

ገንዘቡም ቢሆን እዳ ይዞ ይመጣል። ተንከባካቢው ከሥራ የሚያገኘው፣ ግብር እና አንዳንድ ወጪዎች ከተቀነሱ በኋላ፣ ከተወሰነ ገደብ መብለጥ የለበትም፤ ገደቡ ከኤፕሪል 2025 እስከ ኤፕሪል 2026 በሳምንት 196 ፓውንድ ነበር። በአንድ ፓውንድ ካለፈ የሳምንቱ አበል በሙሉ ይቀራል። ትንሽ ትርፍ ሰዓት ሠርተው፣ ከዓመታት በኋላ ሺህ ፓውንዶች መልሱ የተባሉ ሰዎች አሉ። እንደ ወንጀለኛ የተከሰሱም አሉ። ሰውን ወደዚህ እሳት አንምራ።

ከለንደን

«አልሸጥም» ነው ያሉት ወንድሜ? እኔ ሸጥኩ ማለት ነው?

ይህን ቃል ዝም ብዬ አላልፈውም። አበሉ በ1976 ሲጀመር ከባሏ ጋር የምትኖር ባለትዳር ሴት እንዳታገኝ ተከልክላ ነበር። ምክንያቱም ያው እርስዎ የሚሉት ነው፤ ያገባች ሴት ድሮም ቤት ናት፣ መንከባከብ ግዴታዋ ነው። እናቷን የምታስታምም ዣክሊን ድሬክ የምትባል ሴት ባል ስላላት ብቻ ተከለከለች። እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟገተች። ሕጉ በ1986 ተቀየረ። እሷ ቃል ኪዳኗን ሸጠች? የሴት ድካም እንደ ድካም ይቆጠር አለች እንጂ።

ወደ ገመናው ልምጣ። ፒፕ የእርስዎ ገንዘብ አይደለም፤ የሚስትዎ ነው። ስሟ ነው የሚጻፈው። ከፒፕ ክፍሎች አንዱ የሆነው የዕለት ኑሮ ክፍያ ከፍተኛው መጠን ከኤፕሪል 2025 እስከ ኤፕሪል 2026 በሳምንት 110.40 ፓውንድ ነበር፤ ገቢያችሁንም ቁጠባችሁንም አይጠይቅም። በዚያ ገንዘብ ታክሲ ተሳፍራ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። የምትደገፍበትን ነገር ትገዛለች። እርስዎ ስላፈሩ እሷ ቀረባት። ጠይቀዋታል?

ደግሞ ሌሊት እሠራለሁ ብለዋል። ሌሊት ከእሷ ጋር ማን አለ?

ከሊድስ

ቤቴን አያውቁትም። ሌሊት እንዴት እንደምናድር ለእርስዎ የማስረዳበት ምክንያት የለኝም። ለዓመታት ያላማረረ ሰው ሚስቱን በድሏል ተብሎ መጻፉ አሳዝኖኛል።

ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። ሙሉ ጊዜ እሠራ ነበር፣ ቀነስኩ ብለዋል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። 83.30 ፓውንድን ለ35 ሰዓት ያካፍሉት። ለሰዓት 2.38 ፓውንድ ነው። በዚያው ጊዜ ሕጉ ለአዋቂ ሠራተኛ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ደመወዝ 12.21 ነበር። መንግሥት እርስዎን አልደገፈም፤ በርካሽ አሠራዎት። ከሥራ ሲወጡ የሥራ ባልደረባ ይርቃል፣ እድገት ይቀራል፣ እንግሊዝኛው እንኳ ይዳከማል። የእኛ ሴቶች በዚህ መንገድ ቤት ተዘግቶባቸው ሲቀሩ አይቻለሁ።

አዲስ የመጡትንም ያስቡ። በትዳር ቪዛ የገባች እህት ከመንግሥት ገንዘብ እንዳትቀበል የሚከለክል ሁኔታ ቪዛዋ ላይ ተጽፏል። ኬረርስ አላዋንስ ከተከለከሉት አንዱ ነው። «ያለ ሐፍረት ጠይቂ» የሚለውን ምክርዎን ሰምታ ብትጠይቅ መኖሪያ ፈቃዷ ላይ መዘዝ ይመጣባታል። ለእሷ ምን ይሏታል?

ከለንደን

ለእሷ አትጠይቂ፣ ባልሽ ግን ፒፑን ይጠይቅ እላታለሁ። እሱ እዚህ አገር መብቱ ነው። እንዲያውም እሱ ፒፕ ካለው ለሚስት ቪዛ የሚጠየቀው የ29,000 ፓውንድ ገቢ አይመለከተውም፤ ቀለል ባለ ሌላ መስፈርት ነው የሚታየው። በሐፍረት የተተወው ቅጽ ስንቱን ባልና ሚስት በሁለት አገር አስቀምጧል።

መጀመሪያ ገንዘቡ ቃል ኪዳን ያረክሳል አሉ። አሁን ደግሞ አነሰ አሉ። ካነሰ ይጨመር ብለን አብረን እንጩህ። 2.38 ያናድዳል፤ እኔንም ያናድደኛል። ግን ሥራዬን ያስቀነሰኝ ሕመሙ ነው እንጂ አበሉ አይደለም። አበሉ ባይኖርም ያንኑ ሰዓት እቀንስ ነበር። ልዩነቱ ባዶ እጄን መሆኔ ነበር።

እዳ ያሉት እውነት ነው፤ ብዙ ቤት አስለቅሷል። ሊዝ ሴይስ የመሩት ገለልተኛ ምርመራ በ2025 ጥፋቱ በዋናነት የተንከባካቢዎቹ እንዳልሆነ፣ የገቢው አቆጣጠር መመሪያ ግልጽ እንዳልነበር አሳየ። መንግሥትም የእዳ መዝገቦችን እንደገና ለማየት ተስማማ። ደመወዙ ከፍ ዝቅ የሚል ሰው የደመወዝ ወረቀቱን ያስቀምጥ፣ ለውጥ ሲኖር ወዲያው ያሳውቅ። ገቢው ዝቅተኛ ሆኖ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ የሚያገኝ ቤት ደግሞ የተንከባካቢ ጭማሪ አለው፤ ከኤፕሪል 2025 እስከ ኤፕሪል 2026 በወር 201.68 ፓውንድ ነበር። ለእሱ ያ የገቢ ገደብ የለም። ደመወዝ ሲጨምር ክፍያው ቀስ እያለ ይቀንሳል እንጂ በአንድ ፓውንድ ተቆርጦ አይጠፋም። ሌሊት ለሚሠራ ሰው የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው።

የእኔ ባል ቅጹ ሲሞላ አጠገቤ ነበር። «ብቻህን ትታጠባለህ?» የሚለው ላይ ስደርስ ዝም አለ። ከዚያ «እውነቱን ጻፊው» አለኝ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የወሰነው እሱ ነው። ታሞም የቤቱ ራስ ነው። ስለ ሌሊቱ አልጠይቅዎትም፤ ይቅር። ሚስትዎን ጠይቀዋታል ወይ ያልኩት ግን መልስ አላገኘም።

ከሊድስ

ሚስቴ ምን እንደምትል የምነግረው ለእርስዎ አይደለም። ለእኔ የምትለው አላት፤ በእኔና በእሷ መካከል ይቆያል።

እኔ የምፈልገው 83 ፓውንድ አይደለም። የሚያግዝ እጅ ነው የምፈልገው። ታምሜ ብወድቅ ማን ያነሳታል? ሌሊት ይህንን ነው የማስበው። ወደ ሥራ ስወጣ ሁለት ሰዓት የምትጠብቃት አንዲት ሰው ብትገኝ ከማንኛውም ቼክ ትበልጥብኛለች። በ2014 በወጣው ኬር አክት በሚባለው የእንክብካቤ ሕግ መሠረት ካውንስሉ፣ የአካባቢው አስተዳደር ማለት ነው፣ ተንከባካቢውን ራሱን መመዘን ግዴታው ነው። ምን እንደሚከብደው፣ መሥራት እንደሚፈልግ፣ ማረፍ እንዳለበት ይጠይቃል። ስለዚህ ምዘና ለምን አይጻፍም? ሁሉም ስለ ገንዘቡ ብቻ ነው የሚያወራው።

ከለንደን

ስለ ምዘናውማ ይጻፍ! እኔ ተመዝኛለሁ። በሳምንት ጥቂት ሰዓት የምታሳርፈኝ ሰው አግኝቻለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው በዚያ ሰዓት ነው። ግን እዚያም «ራሷን ትታጠባለች?» ብለው ይጠይቁዎታል። ገመናው እዚያም አለ። ለካውንስሉ የሚነገር ከሆነ ለፒፕ የማይነገርበት ምክንያት አይታየኝም።

ከሊድስ

የካውንስሉ ሰው ቤቴ መጥቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ሚስቴን ዐይኗን እያየ ነው የሚጠይቃት። ራሷ ትመልሳለች። ለእኔ ልዩነት አለው።

ሰኞ እደውልላቸዋለሁ። ስለ ፒፑ እሷ ካነሳችው እሷ ታንሳው።