ምጣዱን የት ልታደርጉት ነው?

ድሮ በባሕር ዳር አዲስ ቤት የሠራ ሰው ለእንግዳው የሚያሳየው ሳሎኑን ነበር። አሁን ማድ ቤቱን ሆኗል። በቅርቡ ዓባይ ማዶ ለቤት ምረቃ ተጠርቼ ስሄድ ባለቤቱ ገና አረፍ ሳልል እጄን ይዞ ወደ «ኪችኑ» ወሰደኝ። ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚያብረቀርቅ ነጭ ካቢኔት፣ ጥቁር ግራናይት፣ ከምድጃው በላይ የተሰቀለ የጭስ መምጠጫ፣ ሲዘጋ ድምፅ የማያሰማ መሳቢያ። መሳቢያውን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋልኝ። ውስጡ አንዲት ማንኪያ አልነበረችም።

ምግቡ ከየት እንደሚመጣ የገባኝ እጄን ለመታጠብ ወደ ጓሮ ስወጣ ነው። አጥሩ ጥግ በቆርቆሮ የተከለለች ጠባብ ቤት አለች። ጭሱ የሚወጣው በበሩ ነው፣ ሰውም የሚገባው በዚያው። አንዲት ሴት እንጀራ ታወጣለች፣ ሌላዋ የዶሮውን ወጥ ታማስላለች፣ አንዲት ልጅ ደግሞ በባልዲ ውሃ ትመላለሳለች። ቤቱ ሁለት ማድ ቤት አለው ማለት ነው፤ አንዱ የሚታይ፣ ሌላው የሚበሰልበት። ለሚታየው ከወጣው ገንዘብ ለሚበሰልበት የአንዲት መስኮት ዋጋ እንኳ አልተረፈም።

በሰው ቤት ለመሳቅ መብት የለኝም። ከአራት ዓመት በፊት ሽምብጥ ሰፈር ያለውን ቤታችንን ስናድስ እኔም ያንኑ አድርጌያለሁ። አናጢው መጣ፣ ሜትሩን ዘረጋ፣ ግድግዳውን ለካ፣ ቀለም ጠየቀኝ። ካቢኔት በሜትር የሚሸጥ ዕቃ ስለሆነ አናጢ ባዶ ግድግዳ ባየ ቁጥር ካቢኔት ይታየዋል። እሱም እኔም በሕይወታችን አንዲት እንጀራ ጋግረን አናውቅም። እናቴ ከመራዊ መጥታ ስለነበር በሩ ላይ ቆማ ታየናለች።

«ምጣዱን የት ልታደርጉት ነው?» አለች።

«ምጣድማ ውጭ ነው፣ እማማ» አለ አናጢው።

«ውጭ ማለት የት ነው ልጄ? ዝናቡ ላይ?»

ሳቅንና ሥራችንን ቀጠልን።

በእኛ ቤት ከማድ ቤት ዕቃ ሁሉ ትልቁ፣ ትኩሱና ብዙ መብራት የሚበላው ምጣድ ነው። ከእሱ ያልተነሣ ዕቅድ ግድግዳ ማልበስ እንጂ ማድ ቤት መሥራት አይባልም። ከውጭ የመጣው የካቢኔት ልክ መደርደሪያውን ወደ ውስጥ 60 ሳንቲሜትር፣ ወደ ላይ ደግሞ 90 ሳንቲሜትር ገደማ ያደርገዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላው ብቻውን ወደ 60 ሳንቲሜትር ይጠጋል፤ የቆርቆሮው ዙሪያ ሲጨመርበት ከመደርደሪያው ጠርዝ ያልፋል። እንደምንም ተገፍቶ ቢቀመጥ እንኳ ከፍታው አያስጋግርም። ሊጥ የምታፈስ ሴት ክንዷን በትኩሱ ሸክላ ላይ አሻግራ ከዳር ወደ መሐል መዞር አለባት። በ90 ሳንቲሜትር መደርደሪያ ላይ የምጣዱ እግርና አካል ሲታከልበት ሥራው ደረቷ አጠገብ ደረሰ ማለት ነው፤ አክንባሎው በተነሣ ቁጥርም እንፋሎቱን የምትቀበለው በፊቷ ነው።

የሚገርመው ይህ የተገጣጠመ ማድ ቤት ሲወጠን መነሻው ልኬት ነበር። ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ በ1926 እ.ኤ.አ. ለፍራንክፈርት ከተማ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ማድ ቤት ስትነድፍ፣ ወርዱ 2 ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ተኩል በማይሞላ ክፍል ውስጥ የምታበስለው ሴት የምትራመደውን እርምጃ አስልታ ነው። እኛ ካቢኔቱን ወሰድንና ስሌቱን ተውነው። ብንወስደውም የእሷ ስሌት የድንችና የሾርባ ነው፤ ቡሃቃ፣ ሰፌድና መሶብ የሉበትም። የእኛን ማስላት ያለብን እኛው ነን። እኔ አንድ የጋገራ ጠዋት በርጩማ ይዤ ጓሮ ተቀምጬ ቆጠርኩ። ባለቤቴ 25 እንጀራ እስክታወጣ ድረስ በጓሮውና በዚያ በሚያምረው ክፍል መካከል 31 ጊዜ ተመላልሳለች፤ ውሃው፣ ማሰሻው፣ ሰፌዱ ሁሉም እዚያ ነበርና። (በሃያ አንደኛው ላይ «ከምትቆጥር ብታቀብለኝ ምን አለበት?» ብላኛለች።)

ሌላው እንፋሎት ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላውም ሥጋውም ቆይቶ ይበስላል። ወጣችን ደግሞ በባሕርዩ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ያ ሁሉ እንፋሎት የሚያርፈው ከላይ በተሰቀለው ቺፑድ ላይ ነው። ቺፑድ በሙጫ የተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ ነው፤ ጠርዙ ላይ የተለጠፈው ፕላስቲክ አንድ ጊዜ በሙቀት ከተላቀቀ ውሃ እንደ ዳቦ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። ከላቫንዲኖው ሥር ያለው የእኔው ካቢኔት ሁለተኛውን ክረምት አልተሻገረም። ነሐሴ ላይ በሩ አልዘጋ አለ፣ መስከረም ላይ ማጠፊያው ተነቀለ። ዛሬ ቢሆን ታችኛውን በብሎኬትና በሲሚንቶ አሠርቼ በር ብቻ እገጥምለት ነበር፤ ከምድጃው በላይ ደግሞ ምንም አልሰቅልም። የጭስ መምጠጫው ነገርማ ይቅር። ቱቦው በግድግዳው በኩል ወደ ውጭ ካልወጣ አየሩን ከዚያው ወስዶ እዚያው የሚመልስ ጩኸታም ሣጥን ነው።

መብራትም አለ። ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይጠይቃል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ነው፤ ይህም ተራ ሶኬት የሚችለው የመጨረሻ ልክ ነው። ጋገራ ደግሞ የአምስት ደቂቃ ጉዳይ አይደለም። ስፒናው ቀልጦ ከሶኬቱ ጋር የተጣበቀበት ቤት የማያውቅ አንባቢ ካለ ዕድለኛ ነው። ለምጣድ ከቆጣሪው ሣጥን ጀምሮ የራሱ ብሬከር ያለው፣ ወፈር ያለ የብቻው መስመር ያስፈልገዋል። ይህ የሚዘረጋው ግድግዳው ሳይለሰን በፊት ነው፤ ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ያስታወሰ ሰው ሴራሚኩን ይሰብራል።

ከጢስ ዓባይ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ 460 ሜጋ ዋት ከተተከለበት ከጣና በለስ ደግሞ ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ መብራት ይመነጫል፤ ሁለቱም የዚሁ የጣና ውሃ ልጆች ናቸው። ቢሆንም ሊጡ ኩፍ ባለበት ጠዋት መብራት ይጠፋል። ስለዚህ የማገዶው ምድጃ ከግቢያችን ቶሎ አይወጣም፤ አይወጣም ካልን ደግሞ በዕቅዱ ላይ ይሥፈር። ከሦስት ጉልቻ ይልቅ «ምርጥ» የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርዳል፤ ጭስ ማውጫው ከጣሪያ በላይ ሲወጣ ነው እፎይ የሚባለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶና ከሰል በሚወጣ ጭስ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ያ በበር የሚወጣ ጭስ ዐይን ማስለቀስ ብቻ አይደለም ሥራው። አቅጣጫም ይታሰብ። እኛ ያለነው ከሐይቁ በስተ ደቡብ ስለሆነ ቀን ቀን ነፋሱ ከጣና ወደ ከተማው ይመጣል። የጓሮ ማድ ቤቱን ከመኝታ ቤቱ በሐይቁ በኩል ያደረገ ሰው ጭሱን ራሱ ወደ አልጋው ጋብዞታል።

ዓሣንም መርሳት አይቻልም፤ ጣና ዳር ተቀምጠን። ቆሮሶ ሲፋቅ ቅርፊቱ እንደ ሳንቲም ይፈናጠራል፣ ግራናይቱ ላይ ደርቆ በጥፍር ብቻ ይነሣል፣ ቧንቧ ውስጥ ከገባ ደግሞ ከወጡ ዘይት ጋር ተጋግሮ ይቀመጣል። ውጭ አንድ ቧንቧና ሰፊ የሲሚንቶ ገንዳ ይበቃዋል።

ይህን ሳወራ አንዳንድ ሰው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይለኛል። ይህን የተረተ ሰው ጉልቻው አጠገብ ጎንበስ ብሎ ያረፈደ አይመስለኝም። ጉዳዩ ጣዕሙ አይደለም፤ ወገቧ ነው። ብዙ ቤት የምትጋግረው ደግሞ በደመወዝ የተቀጠረች የሰው ልጅ ናት፤ አናጢው ሜትር ሲዘረጋ እሷን ጠርቶ «ቁመትሽ ስንት ነው? በየትኛው እጅሽ ነው የምታፈሽው?» ያለ የቤት ጌታ አላጋጠመኝም። እኔም አልጠየቅሁም።

ዘንድሮ ያበጠውን ካቢኔት አስነቅዬ በቦታው ለምጣዱ የሲሚንቶ መደብ አሠራሁ፤ ከፍታው 55፣ ወደ ውስጥ 80 ሳንቲሜትር፣ በጎኑ ለቡሃቃውና ለሰፌዱ ቦታ ያለው። ልኩን የሰጠችው እናቴ ናት፤ ሜትሩን የያዝኩት እኔ። ግንበኛው በሁለት ቀን ጨረሰው፣ ሲሚንቶው እስኪጠና ጠበቅን፣ እሷም ጋገረችበት። አሥረኛዋን ካወጣች በኋላ ቀና ብላ ወደ ግራው ግድግዳ ተመለከተች።

«እዚህ በኩል መስኮት ቢኖር የእንጀራው ዐይን ይታየኝ ነበር» አለች።

ነበረ። ነጩ ካቢኔት እንዲያርፍበት ብዬ ያስደፈንኩት እኔ ነኝ። ግንበኛውን ለቅዳሜ ቀጥሬዋለሁ።