ባለቤት የሌለው ወሬ

የድሬዳዋን ደቻቱ ቀን ያየው ሰው ወንዝ ነው ብሎ አያምንም። ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ ከዘነበ ግን ሌሊት መጥቶ ይወስድሃል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ስለዚህ እዚህ ከተማ “ጎርፍ መጣ” ተብሎ አይቀለድም።

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት አክስቴ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ደረሳት። አንድ ጎልማሳ ሰው ረጋ ብሎ “ከላይ ውሃው ተነስቷል፣ ውጡ” ይላል። ቪዲዮም አለው። አክስቴ ልጆቹን ቀሰቀሰች፣ መልእክቱን ለዕድሩ ግሩፕ ላከች፣ ከወንዙ ራቅ ወዳለ ዘመድ ቤት ሄደች። ሲነጋ አሸዋው እንደደረቀ ነው። ቪዲዮውን ቀን ላይ ደግመን ስናየው ከሱቆቹ በላይ የተጻፈውን ፊደል አንዳችንም አናውቀውም። የሌላ አገር ጎርፍ ነው።

“ማን ላከልሽ?” አልኳት።

“እኔ እንጃ አቦ፣ ተልኮልኝ ነው።”

ይቺ “ተልኮልኝ ነው” ከጎርፉ ወሬ በላይ አስፈራችኝ። ድሬ ውስጥ ወሬ ዛሬ አልተጀመረም። በርጫ ላይ ስንት በሬ ሲወልድ ሰምተናል! ግን ወሬው ባለቤት ነበረው። “ማን አለ?” ትላለህ። “እገሌ።” “እሱማ ድሮም ቀዳጅ ነው” ትልና ሻይህን ትጠጣለህ። ዴሞክራሲ የሚሉትም ነገር ለእኔ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የሚናገረውን ታውቀዋለህ፣ መልሰህ ትጠይቀዋለህ፣ ካላመንከው ድምፅህን ትነፍገዋለህ። ባለቤት የሌለውን ወሬ ምን ብለህ ትጠይቀዋለህ?

ወሬው እንዲህ የሚሮጠው ደግሞ በራሱ ጉልበት ብቻ አይደለም። የፌስቡክ የውስጥ ሰነዶች በ2014 ዓ.ም. ሲወጡ አንድ ነገር ታወቀ። እንደ ፈረንጆቹ ከ2017 ጀምሮ ኩባንያው የተናደደውን ፊት ምልክት ከ“ላይክ” አምስት እጥፍ ይቆጥረው ነበር። ብዙ ሰው ያናደደ ጽሑፍ ለብዙ ሰው ይታያል ማለት ነው። ቆይቶ ቀነሰው። ሰነዶቹን ያወጣችው የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርባ ስትናገር የኢትዮጵያን ስም አንስታለች። ከእንግሊዝኛ ውጭ ባሉ ቋንቋዎች ቁጥጥሩ እጅግ ደካማ ነው ብላለች።

እኛ ደግሞ ቋንቋችን አንድ አይደለም። የድሬ ልጅ በአማርኛ ይጀምርና በኦሮምኛ ቀልዶ በሶማልኛ ይሰናበታል። ሐረሪኛ የሚጨምርም አለ። እንዲህ ያለውን ንግግር የትኛው ማሽን ይመረምረዋል? እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ድሮ ቋንቋችን ቢለያይም ወሬያችን አንድ ነበር። አሁን አንድ ባጃጅ ውስጥ ሦስት ሰዎች አጠገብ ላጠገብ ተቀምጠው፣ ሦስት ስልክ ላይ ሦስት የተለያየች ድሬ ያያሉ። ጎረቤቴ ማታ በሶማልኛ ምን ሲሰማ እንዳደረ አላውቅም። እሱም የእኔን አያውቅም። ጠዋት ሰላምታ ስንለዋወጥ ግን ያደረው ነገር በሁለታችንም ፊት ላይ አለ።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ፣ አለ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ይከለክላል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲፈጸም ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ይደርሳል። ትልልቆቹን ገጾች ያስፈራ ይሆናል። የጎርፉ ወሬ ግን ከአክስት ወደ አክስት ነው የሄደው።

ሌላው መድኃኒት ኢንተርኔት መዝጋት ነው። ሰኔ 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ታገዱ። ወሬው ቆመ? የለም፣ እገዳውን የሚያሳልፈውን ቪፒኤን የጫነ ሁሉ የሰፈር ዜና አንባቢ ሆነ። የዘገየው “ውሸት ነው” የሚለው ማስተባበያ ነው። በቴሌግራም ልብስና ስልክ የሚሸጡት ልጆች ኪሳራ ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

የሮማኒያን ነገር ሳነብም እንዲሁ ግራ ገባኝ። ብዙም የማይታወቅ ዕጩ በቲክቶክ ገንኖ የፕሬዚዳንት ምርጫውን የመጀመሪያ ዙር አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ለቅስቀሳ ያወጣሁት ገንዘብ የለም ብሎ አስመዝግቧል። ማን ከፍሎ ነው ታዲያ? ኅዳር 2017 ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ ምርጫውን ሰረዘው። ባለቤቱ ያልታወቀ ቅስቀሳ ያስፈራል። ሚሊዮኖች የሰጡትን ድምፅ የሚሰርዝ ፍርድ ቤትም፣ ልክ ቢሆን እንኳ፣ ደስ አይልም።

እኔ ትንንሽ ልጓሞችን እመርጣለሁ። ዋትስአፕ ጥር 2011 ላይ አንድን መልእክት በአንድ ጊዜ ከአምስት ቦታ በላይ ማስተላለፍ ከለከለ። ማንም አልታሰረም፣ ምንም አልተዘጋም። ላኪው ግን እንደገና ለመላክ ጣቱን ማድከም አለበት፤ እስከዚያ ምናልባት ያስባል።

አክስቴም ለዕድሩ ግሩፕ የራሷን ሕግ አውጥታለች። የድምፅ መልእክት የሚልክ ሰው የማን ድምፅ እንደሆነ ይጽፋል። ባለፈው ሳምንት ራሷ ስለ ዘይት ዋጋ አንድ ድምፅ ላከች። ወዲያው ከታች “እትዬ፣ የማን ድምፅ ነው?” የሚል መጣ። ትንሽ ቆይታ አጠፋችው።