ዋጋ በውስጥ መስመር

የአዲስ አበባ ሱቆችን የቴሌግራም ቻናል መከታተል ሱስ ሆኖብኛል። ሜሪላንድ ተቀምጬ የመገናኛን ጫማ አያለሁ። አልገዛም፣ ዝም ብዬ አያለሁ። ፎቶው ቆንጆ ነው። «ኦሪጅናል» ይላል፣ «ውስን ፍሬ ነው ያለን» ይላል፣ «ያሉበት ድረስ እናመጣለን» ይላል። የገበያ ማዕከሉ ስም፣ ፎቁ፣ የሱቁ ቁጥር ሳይቀር ተጽፏል። ዋጋው ብቻ የለም። «ዋጋ በውስጥ መስመር» ነው።

ከሥር ሰዉ ተደርድሮ «ስንት ነው?» ይላል። ሻጩም ለእያንዳንዱ «ኢንቦክስ» እያለ ይመልሳል። አንዴ ቢጽፈው የሚገላገለውን ነገር ሲመልስ ይውላል።

እዚህ አሜሪካ ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ አሮጌ ሶፋ የሚሸጥ ሰው እንኳ ዋጋ ሳይሞላ መለጠፍ አይችልም። እርግጥ «አንድ ዶላር» ብሎ ሞልቶ የሚያጭበረብር ሞልቷል። ገዢው ግን ቁጥር ሳያይ እጁን አይዘረጋም። አገር ቤትም ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም ዕቃው ላይ እንዲያደርግ ያዛል። ሱቅ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነገር ስልክ ላይ የሚደበቅበት ምክንያት አይገባኝም ነበር።

የማውቃቸውን ሻጮች ስጠይቅ ግን ምክንያት አላጡም። አንዱ ዋጋ አይረጋም አለኝ። እውነቱን ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዛሬ የተጻፈበት ዋጋ በሳምንቱ ሻጩን ሊያከስረው ይችላል። ሌላው፣ የጎረቤት ሱቅ አይቶ ሃምሳ ብር ቀንሶ ይለጥፋል አለ። አንዱ እየሳቀ «ግብርም ያያል እኮ» አለኝ። እሱን ለራሱ ትቼዋለሁ።

የገረመኝ የአንዲት ልብስ ሻጭ መልስ ነው። ሰው አንዴ ውስጥ መስመር ገብቶ ካወራ ይሉኝታ ይይዘዋል አለች። «እህቴ፣ የኔ ቆንጆ» ተባብለው፣ ሦስት አራት ፎቶ ካስላኩ በኋላ «ይቅርብኝ» ማለት ይከብዳል። እዚህ ገንዘብ ከፍለው ከሚማሩት የሽያጭ ዘዴ ይሄ አይተናነስም። ግን የሚሠራው በገባው ሰው ላይ ብቻ ነው። ጠይቆ፣ ውድ ሆኖበት፣ አፍሮ መውጣትን የሚፈራው ደግሞ ጭራሽ አይገባም። ከነዚህ አንዱ እኔ ነኝ። ስንት እንደሆንን ሻጯ አታውቅም፤ ያልገባ ሰው አይቆጠርማ።

የአክስቴ ልጅ ሰሚት ውስጥ ባልትና ትሠራለች። መጀመሪያ ቪዲዮዎቿ ሙዚቃ፣ አበባና የታሸገ ፌስታል ነበሩ። ላይክ ነበራት፣ ገዢ ግን በጣት የሚቆጠር። አንድ ቀን ሥራውን እንዳለ ቀረጸችው። የበርበሬው ዛላ ሲቀነጠስ፣ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ሲደለዝ። ሙዚቃ የለውም፤ የሚሰማው የሙቀጫው ድምፅና ከጓሮ የሚጮህ ዶሮ ነው። መጨረሻ ላይ የኪሎውን ዋጋ ተናገረችና «ዋጋው እስከ እሑድ ነው» አለች። በቃ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ራሱ ተለወጠ። «ስንት ነው?» ቀረና «የማረቆ ነው የአላባ?»፣ «ጨው ገብቶበታል?»፣ «ለአራስ ጥሪ አምስት ኪሎ ይደርሳል?» ሆነ። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ቦርሳውን ከፍቷል።

ቅቤ ላይ ግን እጅ አልሰጠችም። «ወንድሜ፣ የቅቤ ዋጋ ላይ አትምጣብኝ» አለችኝ። ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው የቅቤን ዋጋ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ተውኳት።

ወደ እኛ ሠፈር ስመለስ በሽታው ሌላ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶችና መደብሮች ዋጋ አይደብቁም። ገጻቸው ግን ሞቷል። ፌስቡኩን ስትከፍተው የመጨረሻው ጽሑፍ «መልካም የትንሣኤ በዓል» ነው፤ የካቻምናው ትንሣኤ። ጉግል ማፕ «ክፍት ነው» ይላል። አርባ ደቂቃ ነድተህ ትደርሳለህ፣ መብራት የለም። ሰኞ ሰኞ እንደሚዘጉ የሚያውቀው የሠፈሩ ሰው ብቻ ነው። ሰዓቱን ለማስተካከል ገንዘብ አይጠይቅም፣ ከስልክ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ባለቤቱ ግን «የልጄ ጓደኛ ነበር የከፈተልኝ፣ ፓስዎርዱን እሱ ነው የሚያውቀው» ይልሃል። ልጁ ቴክሳስ ገብቷል።

ሌላው መከራ አስተያየት ነው። አንድ ሰው «ምግቡ ዘገየብን» ብሎ አንድ ኮከብ ይሰጣል። ባለቤቱ በንዴት «አንተ ራስህ ሒሳብ ላይ ተጨቃጭቀህ የወጣህ አይደለህም?» ብሎ ይመልሳል። ለዚያ ሰው የመለሰ ይመስለዋል። የሚያነቡት ግን ነገ የት እንብላ ብለው የሚፈልጉ ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም እንጀራ ቀምሰው የማያውቁ። አንዳንዱ ደግሞ ኮከቡን በገንዘብ ለማስተካከል ይሞክራል። ከፈረንጆቹ ኦክቶበር 2024 ጀምሮ የሐሰት አስተያየት መግዛትና መሸጥ በፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ የሚያስቀጣ ነገር ሆኗል። ባይሆንም ያስታውቃል። በአንድ ሌሊት የተጻፉ ሃያ «ምርጥ ቤት ነው»ዎችን ማንም አያምንም።

መመለስን ከአዲስ አበባ ልጆች መማር ነው። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ብትጽፍ በድምፅ ይመልሱልሃል። «የኔ ጌታ፣ ቁጥር 42 አልቋል፣ ግን 43ቱ ጠበብ ያለ ስለሆነ ይሆንሃል»። እዚህ ያለው ሮቦት «መልእክትዎ ደርሶናል» ብሎ ከጠፋ በኋላ ይህን መስማት ያጽናናል። ክፍያውም ቀሏል። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ብሩን ልከህ ስክሪንሾት ትሰዳለህ፣ ሞተረኛው ይዞልህ ይመጣል። ነቃ ያሉት ሻጮች ግን በስክሪንሾት ዕቃ አይለቁም፣ የቴሌብሩ መልእክት ራሳቸው ስልክ ላይ እስኪገባ ይጠብቃሉ። የተቀነባበረ ስክሪንሾት የበላው ነጋዴ ብዙ ነው።

አንድ ነገር ላይ ደግሞ ሁለቱም አገር እኩል ናቸው። ገጹ የአንተ አይደለም። በየካቲት 2015 አገር ቤት ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ታግደው አምስት ወር ገደማ ቆዩ። እገዳ ማለፊያውን ቪፒኤን የማያውቅ ደንበኛ ያለው ሻጭ ተቸገረ። እዚህም ቲክቶክ በ2017 የከተራ ማታ ጠፍቶ በማግስቱ በጥምቀት ተመለሰ። ከአንድ ቀን ያነሰ ነው፣ የተለቀሰው ለቅሶ ግን የዓመት ነበር። የደንበኞቹን ስልክ ቁጥር በደብተር የያዘ ሰው ሁለቱንም ጊዜ ደውሎ ሸጧል።

በተቃራኒው ቻናል ያዳናቸውም አሉ። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ሱቁ ከነአካባቢው የጠፋበት ነጋዴ ነበር። ለደንበኞቹ «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነን» ብሎ ካርታውን መላክ የቻለና በድሮው በር ላይ ወረቀት ለጥፎ የሄደ እኩል አልተነሡም። በሩም ፈርሷል።

እኛ ውጭ ያለነው በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ሥራ አለን። የባንክ ካርድ ነን። አገር ቤት ሆኖ ለፌስቡክ ማስታወቂያ በዶላር መክፈል ለትንሽ ነጋዴ ፈተና ስለሆነ «እስቲ ይቺን ቡስት አድርጉልኝ» የሚል መልእክት ይመጣል። አንድ የማውቀው ሰው ለእህቱ የፀጉር ቤት ሃምሳ ዶላር ከፈለ። የት ከተማ፣ ለማን የሚለውን ሳይነካ ኢትዮጵያ በሙሉ ብሎ ለቀቀው። ላይክ ዘነበ። ላይክ ካደረጉት ብዙዎቹ ጎረምሶች ናቸው፤ የመጡት በሞዴሏ ፎቶ እንጂ በሹሩባው አይደለም።

የአክስቴ ልጅም ባለፈው ጠየቀችኝ። ማን እንዲያየው ነው የምትፈልጊው አልኳት። «ሰሚት፣ አያትና ሲኤምሲ ያሉ፣ ሥራ የሚውሉ እናቶች» አለች። ሃያ ዶላር ከፈልኩ።