ችሎት የሚደፈረው ከታች ብቻ ነው?

ባለፈው ሰሞን አንድ ውይይት ላይ ተቀምጬ ነበር። ርዕሱ ዳኞች በችሎት ላይ ስለሚያሳዩት ጠባይና ስለ ዲሲፕሊን ቅጣት ነው። ብዙ ዓመት በዳኝነት ያገለገሉ አንድ ሰው ማይክ ያዙና ነገሩን ባጭሩ ሊዘጉት ሞከሩ። ዳኛው አጥፍቷል የሚል ይግባኝ ይበል፤ ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ የዳኝነት ነጻነትን መዳፈር ነው አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። እስካሁንም አልበረደልኝም።

ይግባኝ? ስድብ ይግባኝ ይባልበታል እንዴ?

ይግባኝ የሚባለው በውሳኔ ላይ ነው። ሕጉ በስህተት ተተረጎመ፣ ማስረጃው በቅጡ አልተመዘነም ይባላል። ዳኛው ምስክሯን አመናጨቀ፣ በጠበቃው ላይ አሾፈ፣ ባለጉዳዩ ሲያስረዳ ስልኩን ሲነካካ ነበር። ይሄ የትኛው የይግባኝ አቤቱታ ላይ ይጻፋል? ደግሞስ የተሰደበው ሰው ክርክሩን አሸንፎ ቢሆንስ? ያሸነፈ ሰው ምን ብሎ ይግባኝ ይላል? «ፈርደውልኛል፣ ግን አዋርደውኛል» ብሎ?

አንድ ጊዜ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ አዛውንት ምስክር ቆመዋል። ዳኛው ዕድሜው ከልጃቸው ያንሳል። «አንተ፣ አዎ ወይም አይደለም በል!» አላቸው። አዛውንቱ ሊያብራሩ አፋቸውን ሲከፍቱ «ዝም በል!» መጣ። እጃቸው የቆሙበትን መከለያ ጨበጥ፣ ለቀቅ ሲያደርግ አያለሁ። ከዚያ በኋላ ለተጠየቁት ሁሉ መልሳቸው አንድ ሆነ፦ አላስታውስም። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ምስክሩ እንደማያስታውሱ መግለጻቸው ነው። «አንተ» የለም፣ «ዝም በል» የለም። ይግባኝ ሰሚው የሚያነበው ይህንን ወረቀት ነው። ታዲያ የቱን ስህተት ነው የሚያርመው?

ይግባኝ በደንብ በሠራበት ቦታ እንኳ የሆነውን እንይ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።) በ2014 ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ሮቢን ካምፕ የተባሉ ዳኛ የአስገድዶ መድፈር ክስ ይሰማሉ። የግል ተበዳይዋን ጉልበቶችሽን ለምን አልገጠምሽም ብለው ጠየቋት። ተከሳሹንም በነጻ አሰናበቱ። በ2015 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሽሮ ጉዳዩ እንደ አዲስ እንዲታይ አዘዘ። ይኸው፣ ይግባኝ ሠራ! ዳኛውስ? ዳኛውማ ውሳኔያቸው ከመሻሩ ከወራት በፊት ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት አድገው ሄደዋል። ከወንበራቸው ያነሳቸው በአራት የሕግ መምህራን አቤቱታ የተጀመረው የዲሲፕሊን ሂደት ነው። የካናዳ የዳኞች ጉባኤ መርምሮ በ2017 እንዲነሱ ሐሳብ አቀረበ፤ እሳቸውም ወዲያው ለቀቁ። ሴትየዋ በምርመራው ላይ ቀርባ ዳኛው ራሷን እንድትጠላ እንዳደረጓት ተናግራለች። ይሄንን የሚሽር ይግባኝ ካለ አሳዩኝ።

እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ችሎት መድፈር የሚባል ነገር አለ። ባለጉዳይ ድምፁን ከፍ ካደረገ፣ ካጉረመረመ፣ ስልኩ ከጮኸ ዳኛው እዚያው በዚያው ሊቀጣው ይችላል። ተደፈርኩ ባዩም፣ ምስክሩም፣ ፈራጁም አንድ ሰው ነው። አጣሪ ኮሚቴ የለም፣ ቀጠሮ የለም። ፖሊስ ክንዱን ይዞ ይወስደዋል። ዳኛው ባለጉዳዩን ሲያዋርድ ግን ነገሩ ድንገት «ውስብስብ» ይሆናል። ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ ነጻነት ይነካል፣ ሂደቱን መጠበቅ ነው ይባላል።

ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በመጋቢት 2005 ኒው ዮርክ ግዛት፣ ናያጋራ ፎልስ ከተማ ሮበርት ሬስታይኖ የተባሉ ዳኛ ችሎት ላይ ናቸው። ከታዳሚው መሃል ስልክ ጮኸ። ስልኩ የማን ነው? መልስ የለም። ስልኩ ካልመጣ ሁላችሁም እስር ቤት ትገባላችሁ አሉ። አልመጣም። እየጠሩ ጠየቁ፣ እያንዳንዱ አላውቅም አለ፣ እያንዳንዱን ላኩ። 46 ሰው! ለዋስትና የሚሆን ገንዘብ ያላገኙት 14ቱ በካቴና ታስረው በአውቶቡስ ወደ ሌላ እስር ቤት ተጓዙ። በዚያው ቀን ከሰዓት ተፈቱ። 46ቱን ለማሰር ጥቂት ሰዓት በቃ። ዳኛውን ከወንበር ለማንሳት ግን እስከ 2008 ድረስ ምርመራ፣ ውሳኔ፣ ከዚያም በከፍተኛው ፍርድ ቤት ክርክር ነበር። ክርክሩን አልነፍጋቸውም፤ ይከራከሩ። ያንን ያህል ትዕግሥት ግን ለአርባ ስድስቱ ማን ሰጣቸው? (ሰውየው ኋላ ላይ የዚያችው ከተማ ከንቲባ ሆነው ተመርጠዋል። ዲሲፕሊን ሕይወት ያጠፋል ለምትሉ።)

አሁን ስልኩን ወደ ላይኛው ወንበር እናውጣው። በ2023 ኦክላሆማ ውስጥ የሁለት ዓመት ሕፃን የተገደለበት ክስ እየተሰማ ነው። ዳኛዋ ትሬሲ ሶደርስትሮም በክርክሩ ወቅት ከ500 በላይ የስልክ መልእክት ተለዋወጡ። ዐቃቤ ሕጉ ላይ እየቀለዱ ጭምር። ማን አወቀ? የችሎቱ የደኅንነት ካሜራ። ካሜራው ባይኖር መዝገቡ ላይ የሚቀረው ችሎቱ ተሰየመ፣ ምስክር ተሰማ የሚለው ብቻ ነበር። በየካቲት 2024 በስምምነት ለቀቁ። አንድም ሰዓት አልታሰሩም። እንግዲህ ከታች አንድ ስልክ ሲጮህ 46 ሰው ይታሰራል፣ ከላይ 500 መልእክት ሲላክ መልቀቂያ ይጻፋል። የትኛው ነው ችሎት የደፈረው?

ነጻነት፣ ነጻነት ይባላል። እሺ፣ አንድ ነገር ልቀበል። ባለሥልጣን ያልወደደውን ውሳኔ የሰጠ ዳኛ ላይ ጠባይ ሰበብ አድርጎ ሊነሳ ይችላል። ለዚህ ነው ቅጣቱ በሚኒስትር እጅ መሆን የሌለበት። ከዚህ በላይ ግን አልሰጥም። በ2002 የወጣውን የባንጋሎር የዳኞች የሥነ ምግባር መርሆዎች ያረቀቁት ራሳቸው ዳኞች ናቸው። ዳኛ ለባለጉዳይ፣ ለምስክርና ለጠበቃ ታጋሽና ጨዋ ይሁን የሚለውን የጻፉት እነሱ ናቸው። በፖለቲከኛ አልተጫነባቸውም። ነጻነቱ ዳኛው ሳይፈራ እንዲፈርድ የተሰጠ ነው። አዛውንትን «ዝም በል» ለማለት ምን ነጻነት ያስፈልጋል?

ደግሞ ምስጢሩ። አቤቱታ ይቀርባል፣ በር ይዘጋል፣ በሩ ሲከፈት ተገቢው እርምጃ ተወስዷል ይባላል። ምን እርምጃ? በማን ላይ? የተባበሩት መንግሥታት በ1985 ያጸደቀው የዳኝነት ነጻነት መርሆ በዳኛ ላይ የሚደረግ ምርመራ በምስጢር ይያዝ የሚለው በመጀመሪያው ደረጃ ነው። እስከ ዘላለም አላለም። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የዳኞችን ሥነ ምግባር የሚያጣራው ቢሮ የተቀጣውን ዳኛ ስም፣ ጥፋቱንና ቅጣቱን ያወጣል። በ2015 በፍርድ ቤት ኮምፒውተር የብልግና ምስል ያዩ ሦስት ዳኞች ሲሰናበቱ ሕዝቡ በስማቸው አነበበ። የእንግሊዝ ዳኝነት በዚያ ሳምንት አልፈረሰም።

የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። ችሎት በድምፅ ይቀዳ፤ ቃሉም ቁጣውም ይያዝ። የዲሲፕሊን ውሳኔ ደግሞ ከነምክንያቱ ይውጣ። በዚያ ውይይት ላይ ይህንን ልናገር እጄን አንስቼ ነበር። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አይተው ጊዜ የለንም አሉኝ።