ያላሳደግነውን ተጫዋች ልንከፋፈል?

በደሴ ፒያሳ፣ የአሜሪካን ቅርጫት ኳስ ሌሊት ነቅተው በሚከታተሉ ወጣቶች ዘንድ አንድ ሐሳብ ደጋግሞ ሲነሣ እሰማለሁ። በአገራችን የእግር ኳስ ሊጎችም ድራፍት የሚባለው፣ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ቢጀመርና ደካማ ውጤት ያመጣ ክለብ አዳዲስ ታዳጊዎችን ቀድሞ የመምረጥ መብት ቢያገኝ፣ እንደ ደሴ ከተማና ኮምቦልቻ ከተማ ያሉ ክለቦች ከአዲስ አበባዎቹ ጋር እኩል ይፎካከራሉ ይላሉ። ጥያቄው የፍትሕ ጥያቄ ስለሆነ በቁም ነገር ሊታይ ይገባዋል፤ ሆኖም የእኛን ችግር ሥሩን የሚነካ አይመስለኝም።

የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ የሆነው ኤንኤፍኤል እ.ኤ.አ. በ1936 ድራፍትን ሲጀምር ዓላማው ሀብታሞቹ ክለቦች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ኮከቦች በገንዘብ ኃይል እንዳይጠቀልሉ ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ኮከቦቹ ከየት እንደሚወጡ ነው። በዚያ አገር ተጫዋቹን በልጅነቱ ትምህርት ቤቱ፣ ቀጥሎም ዩኒቨርሲቲው በራሱ ሜዳ፣ በራሱ ሐኪምና በደመወዝተኛ አሠልጣኝ አብስሎ ካቀረበው በኋላ ነው ክለቦች ለምርጫ የሚሰለፉት። በእኛ ዘንድ ይህ መካከለኛ እርከን የለም። ደሴ ውስጥ ታዳጊን የሚያሠለጥነው በአብዛኛው ለኳስ ካለው ፍቅር ብቻ ጊዜውን የሚሰጥ የሰፈር ሰው ነው፤ ኳሱና መለያውም የሚገዛው ከወላጆችና ከነጋዴዎች በሚሰበሰብ መዋጮ ነው። ማንም በወጉ ያላሳደገውን ልጅ የመምረጫ ተራ አውጥተን ብንከፋፈለው፣ ተራው የቱንም ያህል ፍትሐዊ ቢሆን የሚደርሰን ያው ነው።

ሌላም እንቅፋት አለ። የአሜሪካ ሊጎች መውረድና መውጣት የሌለባቸው ዝግ ሊጎች በመሆናቸው የመጨረሻ የወጣ ክለብ በዚያው ሊግ ይቆያል፤ እኛ ጋ ግን ይወርዳል። ታዲያ የመጀመሪያው ምርጫ ለማን ሊሰጥ ነው፣ ወደ ታችኛው ሊግ ለሄደው?

ከሁሉም በላይ ግን ቀድሞ መምረጥ ራሱ ቡድን እንደማይሠራ የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ሊግ የኤንቢኤ ታሪክ ያሳያል። ፊላደልፊያ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2016 በነበሩት ሦስት የውድድር ዘመናት የተሻለ የምርጫ ተራ ለማግኘት ቡድኑን ሆን ብሎ አዳክሞ ከ246 ጨዋታዎች ያሸነፈው 47ቱን ብቻ ነበር። ጆኤል ኤምቢድን የመሰለ ታላቅ ተጫዋች አገኘ፤ ሻምፒዮንነቱን ግን እስከ 2025 ድረስ አላገኘውም። ሊጉም እንዲህ ያለውን አካሄድ ለመግታት ሲል ከ2019 ጀምሮ የመጨረሻው ቡድን የመጀመሪያውን ተራ የሚያገኝበትን ዕድል ከ25 በመቶ ወደ 14 በመቶ ዝቅ አድርጎታል። በአንጻሩ ዴንቨር በ2014 ኒኮላ ዮኪችን የመረጠው በ41ኛው ተራ ነው። ወዲያውኑም አላመጣውም፤ አንድ ዓመት ሰርቢያ ውስጥ እንዲጫወት ትቶት፣ በ2015 ከአዲሱ አሠልጣኝ ማይክል ማሎን ጋር አገናኘው። ዋንጫው የመጣው በ2023 ነው። አንድ አሠልጣኝ ስምንት የውድድር ዘመን!

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በከተማ አስተዳደር በጀት የሚተዳደሩ በርካታ ክለቦቻችን በየክረምቱ ቡድናቸውን በትነው፣ ለአንድ ዓመት የሚቆዩ ተጫዋቾችን በፊርማ ክፍያ ሰብስበው፣ ሁለት ሦስት ጨዋታ ሲሸነፉ አሠልጣኙን ያሰናብታሉ። አዲስ የመጣው አሠልጣኝም ሥራውን ለማትረፍ ሲል ልምድ ያለውን ያሰልፋል እንጂ የ18 ዓመቱን የተስፋ ቡድን ልጅ አይደፍርም። በዚህ አሠራር ውስጥ ድራፍት ቢጨመር የሚመረጠው ልጅም ዕጣው ተጠባባቂ ወንበር ነው።

ስለዚህ ክርክራችን ወደ ክለቦቹ በጀት እንዲዞር እጠይቃለሁ። አሠልጣኝ ሲቀጠር ቢያንስ የሦስት ዓመት ውል ይሰጠው፤ በውሉም ከተስፋ ቡድን በየዓመቱ ስንት ልጅ ወደ ዋናው ቡድን እንደሚያሳድግ ይጻፍ፤ ሲመዘንም ከነጥቡ ጋር በዚህ ይመዘን። ኮምቦልቻ ደግሞ ደሴ የሌላት አቅም አላት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን የነበረበትን ዘመን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ከዚያ ወዲህም በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ተጨምሯል። ከፋብሪካዎቹ እያንዳንዱ አንድ የታዳጊ ማሠልጠኛ ፕሮጀክት ቢይዝ የሚጠየቀው ወጪ ለዋናው ቡድን አንድ ዝነኛ ተጫዋች ከማስፈረም የሚበልጥ አይመስለኝም።

ፊፋ አንድ ተጫዋች በክፍያ ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወር ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ላሠለጠኑት ክለቦች እንዲከፋፈል ያዛል። ተመሳሳይ ደንብ በአገር ውስጥ ዝውውርና በፊርማ ክፍያ ላይም ወጥቶ የሰፈር ፕሮጀክቶችን ቢያካትት፣ ከደሴው ሆጤ ሰፈር ተነሥቶ አዲስ አበባ ከፈረመ ልጅ ክፍያ የሚገኘው ድርሻ በደረሰኝ ወደ አሳደገው ፕሮጀክት ሒሳብ ይገባል፤ ያ የሰፈር አሠልጣኝም በሚቀጥለው ክረምት ለኳስ መግዣ የነጋዴ ደጅ አይጠናም።