ይድረስ ለክቡር ሹም ሽር

ለክቡር የደርግ ዘመን ሹም ሽር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ፈራሚዬን እንዲመልሱልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ያለፈው ማክሰኞ በእርስዎ ምክንያት በሰው ፊት ውሸታም ተብያለሁ። የጡረታ አበሌ ሲሰላ የመጀመሪያዎቹ ሦስት የአገልግሎት ዓመታቴ ስለተዘለሉ፣ በ1968 ዓ.ም. የተቀጠርኩበትን ደብዳቤ ይዤ ቀረብኩ። ዋናው ከነኮፒው፣ ማመልከቻው፣ ጉርድ ፎቶግራፉ፣ ሁሉም ተሟልቷል። ተራዬ ሲደርስ ወጣቷ ሠራተኛ ደብዳቤውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችው። ማኅተሙን አልጠላችውም። ፊርማው ላይ ስትደርስ ግን ቆመች።

«አባባ፣ እኚህ ሰው ማን ናቸው?»

«የመምሪያው ኃላፊ ነበሩ።»

«በዚያ ዓመት ኃላፊው ሌላ ሰው ናቸው» ብላ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችው። እውነቷን ነው፣ ሌላ ሰው ነበሩ። ከዚያ በኋላም ሌላ ሰው መጥተዋል። የእኔ ፈራሚ በሁለቱ መካከል ብቅ ብለው፣ ወንበሩ ሳይሞቅላቸው የእኔን ቅጥር ፈርመው፣ በእርስዎ ቸርነት ከቢሯቸው ተወሰዱ። መዝገብ የሚይዘው በርክክብ ሥልጣን የለቀቀን ሰው ነው። እርስዎ ደግሞ ሰው ሲወስዱ የመሳቢያ ቁልፍ የሚያስረክብበት ጊዜ እንኳን አይሰጡም ነበር።

«እንግዲያውስ ከእሳቸው ወይም ከወራሾቻቸው፣ ኃላፊ እንደነበሩ የሚገልጽ ማስረጃ ያምጡ» አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። አንዱማ «አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ?» አለኝ፤ ፊርማውን እኔው ቤቴ ቁጭ ብዬ የሞነጨርኩት መስሎት።

ልጅቷን አልወቅስም፤ ያኔ እናቷም የተወለደች አይመስለኝም። ወቀሳዬ ወደ እርስዎ ነው። «ያለምንም ደም፣ ኢትዮጵያ ትቅደም» ብለው የጀመሩ እርስዎ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች የነበሩባቸውን ባለሥልጣናት በአንድ ሌሊት ረሸኑ። የደርጉ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶምም በዚያው ዕለት ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. የደርጉን ሊቀ መንበር ጄኔራል ተፈሪ በንቲን ከቤተ መንግሥት ስብሰባ አስወጥተው ጨረሷቸው፤ በኅዳር 1970 ዓ.ም. የምክትል ሊቀ መንበሩ የኮሎኔል አጥናፉ አባተ ተራ ደረሰ። ለገዛ ሊቀ መንበሩ ያልራራ ለመምሪያ ኃላፊ ይራራል ብዬ አልጠበቅኩም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባል ነበር፤ በእርስዎ ዘመን ለመቆጨት ጊዜ ያገኘ ማን ነው?

አለቃ ተሻረ የሚለውንም ወሬ አለቃችን ከእኛ እኩል ከሬዲዮ ነበር የሚሰማው። ይሁን፣ ይህንንስ ለምደነው ነበር።

ማስረጃ አምጣ መባሉን ግን ምን ላድርገው? የሰውየው ኮት ወንበሩ ላይ ተሰቅሎ ቀርቶ ነበር። ሚስቱ ስንቅ ይዛ ከእስር ቤቱ በር ስትመላለስ ከርማ፣ አንድ ጠዋት «ከእንግዲህ አታምጪ» ብለህ መለስካት። ለምን እንደታሰረ አልነገርካትም። ክስ አላሳየሃትም፤ ሬሳ አልሰጠሃትም፤ መቃብሩን አላሳየሃትም፤ ማልቀስ እንኳን ከልክለሃታል። አሁን እኔ በየትኛው ፊቴ የልጆቹን በር አንኳኩቼ «አባታችሁ ሹም እንደነበር አስመስክሩልኝ» ልበል? አንተ ቀምተህ፣ እኔ ልለምን?

ይቅርታ፣ ክቡርነትዎን ዘነጋሁ።

ስለዚህ የሾሙትም የሻሩትም እርስዎ ነዎትና፣ ኃላፊ እንደነበሩ የሚገልጽ ሁለት መስመር ጽፈው፣ ቀንና ቁጥር ሰጥተው፣ ማኅተም መትተው ይላኩልኝ። ማኅተሙ ፊርማውን ይንካ፤ ካልነካ አይቀበሉም። ደግሞ ዋናውን እንጂ ኮፒውን እንዳይልኩ። ሐሙስ ጠዋት ሲስተሙ ካልተቋረጠ ለማስገባት አስቤያለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
ሦስት ዓመት የጎደለበት ጡረተኛ

ግልባጭ፦
ከኋላዬ ተሰልፎ ለሳቀው ወንድሜ