ከሰሉም እንደ ምጣድ ይሟሽ

ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር የተጓዘ ሰው አዲስ ቅዳም አካባቢ ከመንገድ ዳር የተደረደረውን የከሰል ማዳበሪያ ሳያይ አያልፍም። ከሰሉ የዲከረንስ ነው፤ አሲዳማ ሆኖ እህል አልሰጥ ባለው የፋግታ ለኮማ መሬት ገበሬው ተክሎ፣ ጥቂት ዓመት ጠብቆ የሚያከስለው ዛፍ። በቅርብ ዓመታት ዛፉን ዋግ መትቶት የብዙ ቤተሰብ ገቢ ተናግቷል። ስለዚህ የተረፈው ከምድጃ የላቀ ዋጋ የሚያወጣበትን መንገድ መፈለግ ይገባናል፤ እኔ ተስፋ የማደርገው በሊቲየም ፈንታ በሶዲየም በሚሠራው፣ በሶዲየም-አዮን ባትሪ ነው።

በሊቲየም ባትሪ አኖድነት፣ ማለትም ባትሪው ሲሞላ ሊቲየሙን ተቀብሎ በሚይዘው ክፍል፣ የሚያገለግለው ግራፋይት የተባለ የካርቦን ዓይነት ሶዲየምን በበቂ መጠን አያስገባም። እ.ኤ.አ. በ2000 ስቲቨንስና ዳን የተባሉ ተመራማሪዎች ካናዳ ውስጥ ከግሉኮስ የሠሩት ሃርድ ካርቦን፣ ማለትም እንደ ግራፋይት በሥርዓት ያልተደረደረ ካርቦን፣ ግን በግራም 300 ሚሊአምፒር-ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚይዝ አሳዩ። ዛሬ ከእንጨትና ከኮኮናት ቅርፊትም ይሠራል።

ችግሩ ያለው የካርቦኑ ገጽ ላይ ነው። ባትሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ ኤሌክትሮላይቱ፣ ማለትም ሶዲየሙን የሚያመላልሰው ፈሳሽ፣ በካርቦኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ገብቶ ይፈርሳል፤ ከፍራሹ የሚሠራው ሽፋን ሶዲየሙን ይዞ ያስቀራል፤ የቀረውም አይመለስም። እናቶቻችን የዚህን መላ በምጣድ ያውቁታል። አዲስ የሸክላ ምጣድ ሳይሟሽ ከተጋገረበት እንጀራው ይይዛል፤ ስለዚህ ምጣዱ ከጋለ በኋላ የተወቀጠ ጎመን ዘር እየተነሰነሰበት በጨርቅ ይታሻል፣ ቅባቱ ቀዳዳውን ደፍኖ ገጹ ጠቁሮ እስኪያብለጨልጭ ድረስ። ተመራማሪዎችም በጋለው ካርቦን ላይ ሚቴን ያሳልፋሉ፤ ጋዙ ተሰባብሮ ስስ የካርቦን ልባስ ይሆንና የቀዳዳውን አፍ ለፈሳሹ ያጠብበታል፣ ሶዲየሙን ግን ያሳልፋል። ልባሱ ከወፈረ ለሶዲየሙም እንቅፋት ስለሚሆን ጥበቡ ያለው መጠኑን በማወቅ ላይ ነው።

በአፈር ክምር የሚከስለው ከሰላችን እንዳለ ሃርድ ካርቦን አይሆንም። አመዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየምና ካልሲየም በአሲድ መታጠብ፣ ከሰሉም አየር በሌለበት ምድጃ ከ1000 እስከ 1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጋል አለበት። የባትሪ ፋብሪካ ሳይኖረን ይህ ምን ይሠራል የሚሉ ይኖራሉ፤ ነገር ግን ተጣርቶ ልባስ የተደረገለት የካርቦን ዱቄት ራሱ የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ ምርምሩም ፋብሪካ አይጠብቅም። የባሕር ዳርና የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች ከአዲስ ቅዳም አንድ ማዳበሪያ ከሰል ገዝተው፣ አጥበውና አግለው፣ ግማሹን አልብሰው ግማሹን ሳያለብሱ በአዝራር ባትሪ (እንደ አዝራር ባለ ትንሽ የሙከራ ባትሪ) ቢሞክሩት፣ በመጀመሪያው ሙሌት ከሁለቱ የትኛው ስንት ሶዲየም እንደሚያስቀር በጥቂት ቀናት ውስጥ ያውቁታል።